የላቀው ግራ እግር

በላይነህ የሞተው ተወልዶ ባደገበት ግቢ፣ በመኪና አፍንጫና በድንጋይ ካብ መካከል ነው። ሞተሩን ሊያስነሳ ማኖቬላውን፣ ያንን ከፊት ሰክተው የሚያዞሩትን ቆልማማ ብረት፣ ይዞ ጎንበስ ብሎ ነበር። ሞተሩ ተነሳ፤ መኪናዋም ወደ ፊት ዘለለች። ካቡ የአባቱ ሥራ ነበርና አልተነቃነቀም።

ጊዜው የ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ እህል የሚወቃበት ወር ነበር። መንደሯ ከወገዳ ወዲህ፣ ስማዳ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ለመቶ አለቃ ገብረ ኢየሱስ መልእክቱ የደረሰው ንፋስ መውጫ ሳለ ነው። በበቅሎ ገስግሶ ሲመጣ ሬሳው ተቀብሮ፣ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ፣ የአልቃሾቹ ድምፅ ተዘግቶ አገኘ። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ፣ ነገር ሲፈታለት ደስ የማይለው ሰው ነበር።

ጭቃ ሹሙ አቶ መልአኩ በሩ ላይ ተቀበሉት።

«ሁለቱንም አስሬያለሁ» አሉ።

«ሁለቱ እነማን ናቸው?»

«ሾፌሩና መኪናዋ። እሱን በገመድ፣ እሷን በጠፍር ከወይራው ጋር። አንቱ እስክትመጡ ማንም አልነካት። ከሁለቱ ማን እንደገደለ እኔ በምን አውቃለሁ?»

መቶ አለቃው ፈገግ ሊል ቃጣው፤ ከዳሱ የሚመጣውን ሙሾ ሰምቶ ተወው።

«ደግ አድርገዋል። ሾፌሩ ማን ነው?»

«ላቀው ይባላል፤ የእስቴ ልጅ ነው። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የሟቹ አባት በጣልያን ጊዜ የላቀውን አጎት ገድሎ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ፣ መስቀል ተመትቶ፣ ደሙ ደረቀ። ልጆቹማ ጭራሽ ወንድማማች መሰሉ። በላይነህ በየመንደሩ እየዞረ ሰዉን የፈንጣጣ ክትባት ሲወጋ ላቀው ይነዳለታል፤ ባንድ ሰሃን ይበላሉ። አሁን ግን የሟቹ ወንድም ይርጋ «ደሙን አድብቶ መለሰ» ይላል። ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀምጧል። ነገ ለሣልስቱ ሰው ሲሰበሰብ ባደባባይ እገድለዋለሁ ብሏል።»

«እርስዎ ሊከለክሉት አይችሉም?»

«እኔ አንድ ሽማግሌ ነኝ፣ እሱ ወንድሙ የሞተበት ጎረምሳ ነው። እውነቱን ይዞ የሚቆም ሰው ካለ ይሰማ ይሆናል፤ ያለዚያ ላቀውን ገድሎ፣ የላቀው ወንድሞች ደግሞ እሱን ገድለው፣ እንዲህ ስንቀባበር እንኖራለን።»

ላቀው ከጭቃ ሹሙ ጎተራ ሥር ታስሮ ግራ እግሩን አፍጥጦ ያያል። መቶ አለቃው ገና ሳይቀመጥ፦

«እግሬን አላነሳሁም» አለ።

«ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ?»

«ሌላ የሚጠይቀኝ የለም፣ ጌታዬ። ሁሉም ስለ እግሬ ነው።»

«እንግዲህ ከሥሩ ጀምረህ ንገረኝ። በማኖቬላ ለምን አስፈለገ?»

«ባትሪው ደክሟል። ጠዋት ጠዋት እሱ ያዞራል፣ እኔ ክላች ረግጬ ነዳጅ እሰጣለሁ።»

«ማርሽ ውስጥ እያለች?»

«የእጅ ፍሬኑ ላልቷል፣ ከኋላ ደግሞ ገደል ነው። ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ፤ ድንጋይ ግን አላምንም። ቢንሸራተት እግሬን ከክላቹ ላነሳ ነው፤ ማርሹ ይይዛታል።»

«ተንሸራተተች?»

«የለም።»

«ክላች ከተረገጠ ሞተሩ ከጎማው ይለያል። ከጎማው የተለየ ሞተር መኪና አያዘልልም። ይህን ታውቃለህ?»

ላቀው ራሱን ነቀነቀ። «ስለማውቅ እኮ ነው ራሴንም ያላመንኩት። ደጋግሜ እግሬን እጠይቀዋለሁ። «ተጭኜ ነበር» ይለኛል። ፔዳሉ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ ጌታዬ፤ ስትዘልም ተጣብቆ ነበር።»

«ቀድሞ ታስቸግርህ ነበር?»

«ታንጠባጥባለች። ክላቹም የሚሠራው በፍሬን ዘይት ነው፤ ታች ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ አርጅቷል። ስለዚህ በየማታው የፍሬን ዘይት እሞላላታለሁ። የዚያን ዕለት ማታም እዚሁ ግቢ ውስጥ ቤተሰቡ ሁሉ እያየኝ ሞላሁ። እማ ታንጉት፣ እናቱ፣ «ምን ታጠጣታለህ?» ብለው አሳቁን። «ልጓሟ ነው፤ ይህ ከሌለ አትታዘዝም» አልኳቸው።»

«ጠዋት ፔዳሉ እንዴት ነበር?»

«ለስለስ ብሎ ነበር። ደጋግሜ ስረግጠው ያዘልኝ። በብርድ ጊዜ አመሉ ነው፤ ልብ አላልኩትም።»

«በላይነህስ ሲያዞር የተናገረው ነገር አለ?»

«ብዙ ጊዜ አዞረ፣ እምቢ አለች። በመጨረሻ «ከበደችኝ» አለ። ከዚያ ተነሳች።»

መቶ አለቃው ቀና አለ። «ከበደችኝ ያለው ሳትነሳ ነው፣ ወይስ ስትነሳ?»

«ሳትነሳ።»

ወደ መኪናዋ ሄደ። ጠፍሩ እንደታሰረ ነው፤ ካቡ ላይ ያለውን ጥቁረት ላለማየት ፊቱን አዞረ። መቶ አለቃው ፖሊስ ከመሆኑ በፊት በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የክላቹን ፔዳል በእጁ ተጫነው። ያላንዳች መግፋት እንደ ባዶ ከረጢት ወረደና እዚያው ቀረ። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይቱን ቆርቆሮ አየ፤ ደርቋል። በጉልበቱ ተንበርክኮ ታች መሬቱን ዳበሰ። ከጎሚኒው ሥር ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ርጥበት ብቻ አገኘ። አንድ ቆርቆሮ ዘይት ፈስሶ ቢሆን አፈሩ ጭቃ በሆነ ነበር።

ከዚያ ቀለሙን አየ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ከቆርቆሮው አፍ ተነሥቶ በመኪናዋ ጎን ወደ ውጭ የሚወርድ አንድ ቀጭን መስመር አረንጓዴውን ቀለም አሳብጦ ልጦታል፤ በእጅ ዘይት ይዞ የወጣ ሰው ያንጠባጠበው ነው። በክዳኑ ጥርስ ውስጥ ደግሞ አንዲት ነጭ ክር መሳይ ተይዛለች። በጥፍሩ አወጣት። የተነደፈ ጥጥ፣ ባዘቶ ነበረች።

ይርጋ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከአውድማው ዳር ተቀምጧል።

«ብረት ስትመረምሩ ዋላችሁ አሉ» አለ። «ገዳዩ አፍ ያለው ሰው፣ እናንተ መኪና ትጠይቃላችሁ!»

«አሁን አንተን ልጠይቅ መጣሁ። ከወንድምህ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ማታ ጮኼበታለሁ። «የአባታችንን ርስት ሳንካፈል ደግሞ ልትሄድ ነው?» አልኩት። እኔ እንኳ ርስቱ አይደለም የቆረቆረኝ።» ድምፁ ሰለለ። «ሰበብ ነው። እንዲቀመጥ ነው።»

«የት አደርክ?»

«እዚሁ፣ እህል ስጠብቅ፤ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር። ጎህ ሲቀድ ልሸኘው ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ «ከበደችኝ» ሲል ሰማሁት፤ ላግዘው ሮጥኩ። ከዚያ ሞተሩ ጮኸ።»

«መጀመሪያ «ከበደችኝ»፣ ቀጥሎ ሞተሩ?»

«አዎ። ምን ልዩነት አለው?»

«የሰው ነፍስ ያህል» አለ መቶ አለቃው።

በዳሱ ጥግ የበላይነህ የልጅነት መምህር የኔታ ወልደማርያም ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። የልጁን መመለስ ሰምተው ከሚያስተምሩበት ከቤተ ልሔም የመጡት በደስታ ነበር፤ ለመቅበር ቀሩ።

«የኔታ፣ እርስዎም ተቀይመውት ነበር አሉ።»

«ቅኔውን ጥሎ መርፌ ያዘ ብዬ አዝኜበት ነበር። ያን ማታ ክንዴን ወጋኝ፤ «አሁን ታረቅን?» አለኝ። ታረቅን።»

«መኪናዋን ነክተዋት ያውቃሉ?»

«እኔ? በቅሎ እንኳ የምወጣው ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቶ አለቃው ወገዳ ሄዶ ሊያድር በቅሎውን አስመጣ። ኮርቻው አለ፣ ልጓሙ የለም። የታሰረችበትን፣ የግርግሙን ሥር ቢፈልግ አጣ። ከውስጠኛው ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የይርጋ ሚስት ማንጠግቦሽ ተጣራች። ገና አራስ ነበረች።

«አይልፉ፣ ጌታዬ! አማቴ ደብቀውት ነው። ሐዘን ቤት መጥቶ ሳይበላ የሚሄድ የለም ብለው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?»

«የወደዱትን ሰው ልጓም ሳይደብቁ ሸኝተው አያውቁም። የኔታን አንድ ጊዜ ስንት ቀን አስቀሯቸው መሰልዎ! አገሩ ሁሉ ያደርገዋል፤ እሳቸው ግን ያበዙታል።» ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «ወጥቼ እንኳ አልቀበርኩትም። ልጄ ክርስትና ሳይነሳ ደጅ አልወጣ።»

መቶ አለቃው በቆመበት ቀረ። እንዲህ ቆሞ ሲቀር አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ነገሩ እንደተፈታለት ያውቁ ነበር። ፊቱ ግን የታመመ ሰው ፊት ነበር።

ወይዘሮ ታንጉት መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው ተላጭቷል፣ ፊታቸው ተነጭቷል። አጠገባቸው በባዘቶ የተሞላ ሙዳይና እንዝርት ማንም ሳይነካው ተቀምጧል።

«ልጓሜን ይሰጡኛል፣ እናቴ?»

«ብላና ሂድ። ልጄ እንግዳ ይወድ ነበር።»

ቆረሰ። እንጀራውን መልሶ አስቀመጠው።

«ያን ጠዋት የት ነበሩ?»

«ተኝቼ። ልቤ አርፎ ተኛሁ፣ መኪናዋ አትነሳም ብዬ። ስትጮህ ጊዜ ነው የባነንኩ።»

«አትነሳም ያሉት ለምንድን ነው?»

ታንጉት ዓይናቸውን ሰበሩ። «እንዲያው… የእናት ሆድ ነዋ። ግን እንዴት ተነሣች? እስቲ አንተ መኪና ታውቃለህ አሉ፤ እንዴት ተነሣች?»

«ነገ እነግርዎታለሁ» አለ መቶ አለቃው፤ ተነሥቶም ደጅ ወጣ። የዚያን ዕለት ወገዳ አልሄደም።

በማግሥቱ ማለዳ መኪናዋን በጠፍር ስበው ከካቡ አርቀው ፊቷን ወደ ሜዳው አዞሯት። መቶ አለቃው በላቀው ትርፍ ዘይት ቆርቆሮውን ሞላ፤ ከቧንቧው አየሩን አስወጣ። ፔዳሉ እንደገና ጠነከረ። ሣልስቱ ሲሰበሰብ ሰውን ሁሉ ከመኪናዋ ዙሪያ አቆመ። ላቀው እጁ ተፈትቶ መሪው ላይ ተቀመጠ። ይርጋ አፈሙዙን ወደ መሬት አዘቅዝቆ ቆሟል።

«ይርጋ» አለ መቶ አለቃው፣ «ጠመንጃህን ለየኔታ ስጥና ማኖቬላውን ያዝ።»

«እኔ? ለዚህ ሰው?»

«ለወንድምህ። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ አይነሳም። ከፊትህም ካብ የለም። ጭቃ ሹም፣ እርስዎ ደግሞ ጎንበስ ብለው የላቀውን ግራ እግር በእጅዎ ይያዙ። ከፔዳሉ የተነሳ እንደሆን ይጩሁ።»

«ሽማግሌነቴ ሾፌር እግር ሥር ሊያበቃ ነው!» አሉ አቶ መልአኩ፤ ተንበረከኩ ግን።

መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆና ላቀው ክላቹን ረገጠ። ይርጋ አዞረ። ብረቱ በቀላሉ ዞረለት፤ ደጋገመ፤ ያው ነው።

«በቃ። እስካሁን እንደሚገባው ነው» አለ መቶ አለቃው። ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን በጥጥ እየመጠጠ ቆርቆሮውን አደረቀ። «አሁን ላቀው እንደ ጠዋት ልማድህ ደጋግመህ ርገጥና ያዝ።»

ይርጋ እንደገና አዞረ። መጀመሪያ ቀለለ። ጥቂት ቆይቶ ክንዱ ተወጠረ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ቆመ፣ መኪናዋም እንደ ተኛ በሬ ቀስ ብላ ወደ ፊት ተገፋች።

«ከበደኝ» አለ ይርጋ። ያለውን ራሱ ሰማውና ብረቱን ለቀቀው።

«እግሩ?» ሲል ጠየቀ መቶ አለቃው።

«አልተነሳም!» አሉ ጭቃ ሹሙ ከታች። «እንደ ችንካር ተተክሏል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። መቶ አለቃው እስኪረጋ ጠበቀ።

«ቆርቆሮው ሲደርቅ ቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል። ዘይት ይገፋል፤ አየር ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ከወለሉ ላይ ሳለ ክላቹ በዝግታ ተመልሶ ይይዛል። በላይነህ «ከበደችኝ» ያለው ያኔ ነው። የላቀው ጠላት ይርጋ ሳይቀር ሰምቶታል፤ ቃሉም ከሞተሩ ቀድሟል። ላቀው ሊገድል አስቦ ቢሆን ሞተሩ እስኪነሳ ረግጦ ይቆይና ሲነሳ ይለቅ ነበር፤ ብረቱም እስከ መጨረሻው ይቀልል ነበር። ላቀው አልገደለም።»

«ዘይቱን የቀዳውስ እሱ ቢሆን?» አለ ይርጋ። ድምፁ ግን የትናንቱ አልነበረም።

«ለመግደል እግሩን ማንሳት የሚበቃው ሰው ዘይት ምን ብሎ ይቀዳል? ዘይቱ እንዳልፈሰሰም አፈሩ መስክሯል። ሰው ነው የወሰደው፤ ዘይቱን ቀድቶ የሄደበት መንገድ ቀለሙ ላይ ቀርቷል። የመጠጠበትም ባዘቶ ክዳኑ ውስጥ ተገኝቷል። አንተ አውድማ ላይ ነበርክ፣ ምስክሮች አሉህ። ባለቤትህ አራስ ናት፣ ደጅ አትወጣም። የኔታም ያለ ደጋፊ አይሄዱም።» እዚህ ላይ ቆመ። ቀጥሎ የተናገረው በጣም ቀስ ብሎ ነው። «ያ እጅ ሞት አላሰበም። በዚህ አገር የሚወደድ ሰው ሲሄድ ልጓም ይደበቃል፤ አንድ ቀን ይደርና ይመለስለታል። በቅሎ ያለ ልጓም አትነሳም። መኪና ግን ያለ ልጓም ትነሳለች። ያ እጅ ይህን አላወቀም። ሊያውቅም አይችልም ነበር።»

«እና ማን ነው? ስም ይጥሩ እንጂ!» አሉ ጭቃ ሹሙ ጉልበታቸውን እያራገፉ።

መቶ አለቃው ኮፈኑን ከደነ። ስም መጥራት አቃተው።

ከሴቶቹ መሃል ወይዘሮ ታንጉት ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም። ወደ ቤት ገብተው፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ ትንሽ ቅል በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ለመቶ አለቃው አቀረቡለት።

«ይህ ነው?»

ጨርቁን ፈታው። የዘይቱ ሽታ ወጣ።

«ይህ ነው፣ እናቴ።»

«ጠብታ አላጎደልኩም። ከእንዝርቴ ኋላ ነው ያስቀመጥኩት። ሲያድር ልመልስለት ነበር።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ልመልስለት ነበር እኮ!»

ይርጋ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የኔታ ጠመንጃውን እንደ መቋሚያ ተደግፈው ቆመው ቀሩ። ጭቃ ሹሙ ወደ መቶ አለቃው ጠጋ ብለው «ሕጉስ ምን ይላል?» ብለው አንሾካሾኩ።

«ዛሬ ዝም ይላል» አለ።

ታንጉት ወደ መኪናዋ ሄዱ። ላቀው ሊወርድ ሲል በእጃቸው አገዱት። ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ግራ እግሩን፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ ዳሰሱት።

«ረግሜህ ነበር፣ ልጄ።»

«አይጎዱ፣ እማ። አላወቁም።»

«አንድ ነገር ንገረኝ። ከመጎንበሱ በፊት አጠገብህ ነበር። ምን አለህ?»

ላቀው መሪውን ጨበጠ። መቶ አለቃው ምነው ባይመልስላቸው ብሎ ተመኘ።

«ንገረኝ እንጂ። ከእንግዲህ ምን ይቀረኛል?»

«ማዞሩ ሰልችቶት እየሳቀ ነበር» አለ ላቀው። «እጁን በሱሪው ጠራርጎ «ይህችን ብቻ ልሞክራት» አለኝ። «አሁንም እምቢ ካለች ዛሬን እንደር፤ እናቴን ደስ ይበላት።»»

ታንጉት በመኪናዋ ደረጃ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ንፋሱ ከገደሉ ሥር እየመጣ የዳሱን ቅጠል ያንኮሻኩሽ ነበር።

«እንግዲያ ሊያድርልኝ ነበር» አሉ።